አባቴ ጣቱን የቀሰረ ዕለት

የክሪኬት ዳኛ ነኝ፤ ኳስ በዱላ የሚመታበት የእኛ የእንግሊዞች ጨዋታ ነው። ዳኝነቱ ደሞዝ የለውም፤ ያለው ሻይ፣ ሳንድዊች፣ ስድብና የጉልበት ሕመም ነው። ነጭ ካፖርት ለብሼ ሜዳ መሃል መቆም ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመት አለፈኝ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ የሰጠሁትን ፍርድ አስታውሼ እንቅልፍ ያጣሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ወንዶቹ «ብሬንዳ ግትር ናት» ይላሉ። ይበሉ። ዳኛ ግትር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

አንድ ጊዜ ግን ተሳስቻለሁ። ያኔ ዳኛም አልነበርኩም፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ የፈረድኩትም በገዛ አባቴ ላይ ነው። ፍርዱን ደግሞ ለሰባት ዓመት አጸናሁት።

የተወለድኩባት ሃርልደን ያኔ መንደር ትባል እንጂ መንደሩ ማለት የሽመና ፋብሪካው ማለት ነበር። አባቴ ዊልፍሬድ ኦርመሮድ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ገብቶ እዚያው ሸበተ። እናቴ ኔሊም እኔን እስክትወልድ ድረስ ስድስት የሽመና መኪና ትቆጣጠር ነበር። ወንድሜ ኬኔት በአሥር ዓመት ይበልጠኛል፤ እሱም ትምህርቱን እንደጨረሰ ገባ።

ቤታችን ድምፅ የሌለበት ቤት ነበር። አባቴና እናቴ ሲነጋገሩ አንዱ በምድጃው በኩል፣ አንዱ በበሩ በኩል ቆመው ከንፈራቸውን ያሞጠሙጣሉ፣ ጥርሳቸውን ያሳያሉ፣ ቅንድባቸውን ይሰቅላሉ፤ ትንፍሽ ግን አይሉም። የፋብሪካ ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር። አራት መቶ መኪና በአንድ ጣሪያ ሥር ሲንጓጓ ጩኸት አያዋጣም፤ ስለዚህ ወሬው፣ ሐሜቱ፣ ቀልዱ ሁሉ በከንፈር ነው። ኬኔትም ቋንቋውን ለመደውና ሦስቱ እራት ላይ በዝምታ ሲሳሳቁ እኔ ሹካዬን ይዤ እቁለጨለጫለሁ። እቤትም ውስጥ እንዲህ የሚያወሩት እኔ እንዳልሰማ ነው ብዬ አምን ነበር። አንዳንዴ ስለ ገና ስጦታዬ፣ አንዳንዴ እኔን ወደ አክስቴ ቤት ስለ መላክ የሚመክሩ ይመስለኛል። ዛሬ ሳስበው ስለ ድንች ነበር የሚያወሩት።

ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ዳኛ ነው። በእኛ ደረጃ ያሉ ክለቦች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዳኛ ይዘው ይመጣሉ፤ ሁለቱ ዳኞች ሜዳው ላይ በዚህና በዚያ ይቆማሉ። እንግዲህ ዳኛው የሚዳኘው ልጁን፣ አማቹን፣ ጎረቤቱን ነው። ትንሽ ለራስ ማድላት የተለመደ ነገር ነው፤ ሰው የሚታማው ሲያበዛው ብቻ ነው። አባቴ ግን ጭራሽ አያደላም። አንድ ዓመት የእናቴን ወንድም ሁለት ጊዜ አስወጥቶት አጎቴ ገና በዓል ላይ ደጃችንን ሳይረግጥ ቀረ።

እናቴ ደግሞ ነጥብ መዝጋቢ ናት። መዝጋቢዎቹ የሚቀመጡባት የእንጨት ዳስ ከሜዳው ዳር፣ መቺው ከሚቆምበት በስተጎን ሃምሳ እርምጃ ላይ ነበረች። ሬንጅና የተቀረጸ እርሳስ ትሸታለች። ዳኛው በእጁ ምልክት ሲያሳይ መዝጋቢዋ «አይቻለሁ» ለማለት እጇን ታነሳለች፤ እስክታነሳ ጨዋታው አይቀጥልም። ስለዚህ አባቴ በየደቂቃው ቀና ብሎ ወደ ዳሷ ቢያይ ማንም ልብ አይለውም። እኔም ልብ አላልኩትም። እናቴን ይወዳታል ብዬ ነበር የማስበው፤ ይወዳታልም።

ያ ዕለት በነሐሴ የዋለ ቅዳሜ ነው፤ በእኛ አገር ነሐሴ በጋ ነው። ከሸለቆው ማዶ ካለችው ከስቶንሃም ጋር ነበር ግጥሚያው። ከጨዋታው በፊት ሽማግሌዎቹ አግዳሚ ወንበራቸው ላይ ተሰድረዋል፤ እኔ እግራቸው ሥር ሣር ላይ ተኝቼ የሰው ወሬ እለቅማለሁ። በዚያ በጋ ወሬው አንድ ብቻ ነበር። የእንግሊዝ ቡድን በክረምቱ በመርከብ አውስትራሊያ ሄዶ ቴስት የሚሉትን የአገር ለአገር ግጥሚያ ሊጫወት ነው። አምስት ግጥሚያ፣ እያንዳንዱ አምስት ቀን።

«እንደ ሰው ተጫውተን እንመለስ ይሆን?» አለ ኢኖክ፣ የቀድሞው የፋብሪካ እሳት አንዳጅ።

«ማንን ይዘን?» አለ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ፒከፕ። «ጨዋታ የሚከፍት መቺ አለን? አንዱ ዓይኑ ደክሟል፤ ሌላው ፈጣን ኳስ ሲያይ እንደ አይጥ ጉድጓድ ይፈልጋል።»

«ያ ከደቡብ ያመጡት ልጅስ?»

«እሱማ ፀጉሩን አበጥሮ ይወጣል፣ ፀጉሩ ሳይበላሽ ይመለሳል። እዚያ ሜዳው ድንጋይ ነው አንተ። ኳሱ ከመሬት ተነሥቶ የሚፈልገው አገጭህን ነው። ማበጠሪያ አያድንም።»

«እንግዲያው አራት ለባዶ።»

«ሦስት ለባዶ። ሁለቱን ዝናብ ያድነናል።»

«አውስትራሊያ ዝናብ የታለና?»

«እኛ ከሄድን ይዘንባል። ዝናብ መቼ ተለይቶን ያውቃል?»

ከዚያ ፒከፕ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአገጩ ወደ ማዶ አመለከተ። ከዛፉ ሥር ግራጫ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ ላይ ማስታወሻ ደብተር አለ።

«ከአውራጃው ቡድን ነው። የመጣው ለኬኔት ነው። ትናንት እኔ ቤት አድሮ አፉን አስከፈትኩት። ልጁ ዛሬ ሃምሳ ነጥብ ከመታ ለሙከራ ይጠራዋል።»

«ዳኛው ዊልፍ ነው እንዴ?»

«ሌላ ማን አለ?»

«እንግዲህ አምላክ ያውጣው» አለ ኢኖክ። «ዊልፍ ጆሮ የለውም።»

«ዝም በል፣ ልጅቷ እዚህ አለች።»

«ምን አልኩ? እኛስ ብንሆን የማናችን ጆሮ ጤነኛ ነው?»

አባቴ ልመና የማይሰማ፣ ጨካኝ ሰው ነው ማለታቸው መሰለኝ። ይህ ልክ ነው ብዬም ተቀበልኩ። ሳህኔ ላይ የተውኩትን ቀይ ሥር ካልጨረስኩ ከጠረጴዛ አያስነሳኝም ነበርና።

የልጅ ስሌት አጭር ነው። ሃምሳ ከመታ አውራጃው ይወስደዋል፤ አውራጃው ከወሰደው እንግሊዝ ያየዋል፤ እንግሊዝ ካየው ለገና አውስትራሊያ ነው። ለክፍል ጓደኞቼ ኬኔት የካንጋሮ ግልገል እንደሚያመጣልኝ ነግሬ ጨርሻለሁ። ኬኔት ራሱ ግን ከኔ ብዙም አይሻልም ነበር። በዚያ ሳምንት በየማታው ዱላውን በተልባ ዘይት ሲያሽ ያመሻል፤ አልጋው ሥር የመርከቦች ሥዕል ያለበት ጋዜጣ ደብቆ አይቻለሁ። ከፋብሪካው ሌላ መውጫ በር እንደሌለው ያውቅ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ማታ ሲመጣ ጆሮው እየጮኸ ለአንድ ሰዓት ያህል የምንለውን አይሰማም።

ኬኔት ጨዋታውን ከፈተ። እኔ ዳሷ ውስጥ ከእናቴ ጎን ተቀመጥኩ። ከሷ ወዲያ የስቶንሃም መዝጋቢ፣ አንድ እንቅልፋም ሽማግሌ አለ። ወንድሜ ሲመታ ማየት ደስ ይላል፤ አይቸኩልም፣ ኳሷን እስክትደርስ ጠብቆ በመጨረሻዋ ቅጽበት ነው የሚነካት። አሥር ሆነ፣ ሃያ ሆነ፣ ሠላሳ አለፈ። የአውራጃው ሰውዬ ጻፈ። ሽማግሌዎቹ ስለ አውስትራሊያ ማውራት አቆሙ። አርባ አራት ሲደርስ እናቴ እርሳሷን ሰበረችና ሌላ አነሳች።

አርባ ሰባት ላይ ኳሷ ከመሬት ተነሥታ ወደ ውጭ ታጠፈች። ኬኔት ዱላውን ሰደደ። ከኋላው የቆመው የስቶንሃም ቀላቢ፣ ታተርሶል የሚባል ግዙፍ ሥጋ ሻጭ፣ ኳሷን ቀለበና ወደ ሰማይ ወረወራት። አሥራ አንዱም ወደ አባቴ ዞረው «እንዴት ነው ዳኛ?» ብለው ጮኹ።

ሕጉ እንዲህ ነው። ዳኛ ካልተጠየቀ አይናገርም፤ ከተጠየቀ ይመልሳል፤ ጣቱን ወደ ሰማይ ከቀሰረ «ወጥቷል» ማለቱ ነው። ኳሷ ዱላውን በስሱም ቢሆን ነክታ ከተቀለበች መቺው ከጨዋታ ወጥቷል። ይህን ንክኪ ዓይን አያየውም፤ የሚታወቀው ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው ባለ ቀጭን ድምፅ ነው። ዳኛው ከተጠራጠረ ጥርጣሬው ለመቺው ይሆናል። ግን እኛ ዘንድ ደንበኛ ሰው ዳኛ አያስቸግርም። መንካቱን ካወቀ ዱላውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በራሱ ፈቃድ ይወጣል። ኬኔት ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚያደርገው።

ያን ዕለት አልወጣም። ቆመ። ስለዚህ አልነካትም ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ወንድሜን አውቀዋለሁና።

አባቴ እንደ ልማዱ ወደ ዳሷ ቀና አለ። ረጅም ጊዜ ነው የቆመው። ኬኔት አንገቱን ወደ እኛ ወደ ዳሷ አዙሮ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ አባቴን እየሰደበው መሰለኝ። እናቴን ቀና ብዬ ሳያት የሷም ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ክንዷ ትከሻዬን እየነካኝ ትንፋሿን እሰማለሁ፤ ቃል ግን የለም። ለልጇ እየጸለየች ነው አልኩ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ።

ዓይኔን ስገልጥ አባቴ አመልካች ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ ነበር።

ስቶንሃሞች ተቃቀፉ። ኬኔት ዱላውን አልወረወረም፣ አልተሳደበም። አንገቱን ደፍቶ በአውራጃው ሰውዬ አጠገብ አለፈ። ሰውዬው ተነሥቶ በትሕትና «ጥሩ ነበር ልጄ፤ ሌላ ጊዜ እናይሃለን» አለውና ወንበሩን አጠፈ። ሌላ ጊዜ የሚባለው ቀን አልመጣም። በመስከረም የስቶንሃምን ወርዋሪ ለሙከራ ጠሩት።

እናቴ መዝገቡ ላይ «ኬ. ኦርመሮድ፣ ተቀልቦ፣ 47» ብላ ጻፈች። እጇ ጽሑፉን አላበላሸም። ከዚያ እንቅልፋሙን ሽማግሌ ይቅርታ ጠይቃ ከዳሷ ኋላ ሄደችና ስታስመልስ ሰማኋት። ያኔ ሙቀቱ ነው አልኩ፤ እውነትም በጣም ይሞቅ ነበር።

እኔ ፍርዴን ሰጠሁ። አባቴ ቀንቶበታል። ራሱ ፋብሪካ ውስጥ ስላረጀ ልጁም እዚያው እንዲያረጅ ፈልጓል። በማግስቱ አባቴ ጓሮ ባሮ ሽንኩርቱን ሲኮተኩት ከኋላው ቆሜ «ቀናተኛ» አልኩት። ዝም። «ቀናተኛ! ቀናተኛ!» አሁንም ዝም፤ መኮትኮቱን ቀጠለ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ አልኩና የባሰ ተንገበገብኩ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከኋላው እየሄድኩ የተማርኩትን ስድብ ሁሉ አወርድበት ጀመር። አንድ ቀን ዞር ሲል አየኝና ኪሱን ዳብሶ ከረሜላ ሰጠኝ። ወረወርኩበት። አንሥቶ ከአፈሩ አራግፎ ራሱ በላው።

እናቴ አንድ ቀን ሰምታ ክንዴን ጨብጣ ወደ ቤት አስገባችኝ።

«አባትሽን ተይው። የሱ ጥፋት አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው? ጣቱን የቀሰረው እሱ አይደለም?»

ሳህን ማጠብ ጀመረች፤ የታጠበውን ደግማ አጠበችው። ባሏን ልትሸፋፍንለት ነው አልኩ።

በሚያዝያ ኬኔት አውስትራሊያ ሄደ። ያኔ አውስትራሊያ ሠራተኛ ትፈልግ ስለነበር ማንም ወጣት ፎርም ሞልቶ በመርከብ መሄድ ይችል ነበር። እንግሊዝን ወክሎ ሳይሆን የቧንቧ ሠራተኛ ሊሆን ሄደ። ጣቢያው ላይ አባቴን አቀፈው። እናቴን ጉንጯን ሳማትና ቶሎ ብሎ ባቡሩ ውስጥ ገባ፤ እንዳያለቅስ ነው አልኩ። ደብዳቤ ሲጽፍ ፖስታው ላይ የሚጽፈው «ለዊልፍሬድ ኦርመሮድ» ብሎ ብቻ ነው። ይህንንም ተረጎምኩት። አባቴ ያደረገውን እንዳይረሳ በየወሩ እየቆነጠጠው ነው አልኩና በወንድሜ ኮራሁ። እናቴ ደብዳቤዎቹን አባቴ ካነበባቸው በኋላ ወስዳ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ታነባለች፤ አንብባም ፖስታውን ገልብጣ ታያለች።

በዚያው ዓመት እናቴ መዝገቡን ሌላ ሰው ይያዝ አለች። አባቴም ነጩን ካፖርት አጥቦ፣ ተኩሶ፣ ለክለቡ መለሰ። አፍሮ ነው አልኩ። በዘጠኝ ዓመቴ የማላውቀው ነገር አልነበረም።

በአሥራ ስድስት ዓመቴ ለአንድ በጋ ፋብሪካ ገባሁ። መጀመሪያ ቀን የመኪናው ድምፅ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ልቤ የት እንዳለ ጠፋኝ። በሦስተኛው ሳምንት ከንፈር ማንበብ ጀመርኩ፤ የግዴን ነው፣ ካልቻልሽ ምሳ ሰዓት መድረሱንም የሚነግርሽ የለም። በዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። አንድ ምሽት አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጫማውን ሲወለውል ከኋላው ቆሜ ቀስ ብዬ «አባዬ» አልኩት። ዝም። ጮክ ብዬ ደገምኩት። ዝም። ድስቱን መሬት ላይ ጣልኩት። ቀና ያለው መሬቱ እግሩ ሥር ሲንቀጠቀጥ ነው።

ያን ሁሉ ስድብ አንዱንም አልሰማም። ወደ ጓሮ ወጥቼ ባሮ ሽንኩርቱ መሃል ቆሜ አለቀስኩ። እፎይታም ነበረበት፣ ውርደትም ነበረበት።

አባቴ ቀጫጭን ድምፅ መስማት ያቆመው እኔ ሳልወለድ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ንክኪን የዳኘው በዓይኑ ነው። የኳሷን አቅጣጫ፣ የመቺውን ፊት፣ የወርዋሪውን ከንፈር ያያል። ፊታቸውን ከሱ ያዞሩትን ደግሞ ከዳሷ ሆና እናቴ ታነብለታለች፤ ሰው ሲነካ ሳያስበው «ወይኔ» ይላል፣ ቀላቢ ለባልንጀራው «ነክታለች» ወይም «ዝም ብለህ ጩህ» ይለዋል። ሥራውን መተው ነበረበት? አዎ ነበረበት። ዛሬ በሕይወት ቢኖር ፊት ለፊቱ እነግረዋለሁ። ግን መዝገቦቹን አገላብጫለሁ፣ ሽማግሌዎቹንም ጠይቄያለሁ፤ ደህና ጆሮ ካላቸው ዳኞች የሱ ስሕተት ያንሳል።

አባቴ ሲሞት ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ኬኔት ለቀብር መጣ፤ ፀጉሩ ሳስቶ፣ ፊቱ በፀሐይ ተቃጥሎ። ሦስት ቀን ሲቀመጥ ከእናቴ ጋር ያወራው «ሻይ ትፈልጊያለሽ?» እና «አመሰግናለሁ» ብቻ ነው። ማታ ፒከፕ ቤት ይዤው ወጣሁ።

«አባዬን ይቅር ብለኸዋል?» አልኩት።

«አባዬን?» ቢራውን አስቀመጠ። «አባዬ ምን አጠፋ? እሱ ምን ሰማ? የፈረደችብኝ እማዬ ናት። ዓይኔ እያየ ነው፣ ብሬንዳ። አባዬ ‹ሰምተሻል?› አላት። ‹ነክቷል› አለችው። የገዛ ልጇን።»

ፖስታዎቹ ትዝ አሉኝ። የሚቆነጥጠው እሷን ኖሯል።

«ኳሷን ነክተሃት ነበር እንዴ?»

«ጥያቄው እሱ አይደለም።»

ያን ጊዜ አራት ዓመት ዳኝቻለሁ፤ ከመልስ የሚሸሽ ሰው ሳይ አውቃለሁ። ግን የቀብር ሰሞን ነበርና ተውኩት። እሱም ተመልሶ ሄደ፤ ሃያ አንድ ዓመት አልመጣም።

አሁን ስልክ አለ። እሑድ እሑድ ከአውስትራሊያ፣ ከፐርዝ ይደውልልኛል፤ ለእኔ ነው የሚደውለው። ከሁለት ክረምት በፊት አውስትራሊያኖች በሚቀጥለው በጋ እዚህ መጥተው አምስት ቴስት ሊጫወቱ ነበርና ወሬያችን ሁሉ እሱ ነበር።

«አምስት ለባዶ እናሸንፋችኋለን» አለኝ።

«እናሸንፋችኋለን? አንተ መቼ ነው አውስትራሊያዊ የሆንከው?»

«ማሸነፍ ስጀምር።»

በዚያው ሰሞን አንድ ማታ ከእናቴ ጋር ምድጃው አጠገብ ተቀምጠን ነበር። ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋ ፈጽሞ ተዘግቷል፣ ጭንቅላቷ ግን ከኔ ይሻላል። የምናወራው በከንፈር ነው። ለምን በዚያ ማታ እንደጠየቅኳት አላውቅም፤ ቀኖቹ እያለቁ መሆናቸውን ማወቄ ይሆናል።

«ኬኔት የወጣ ዕለት፣ ድምፁን ሰምተሽው ነበር?» አልኳት።

«የምን ድምፅ?»

«የንክኪውን።»

እንደ ሞኝ አየችኝ። «ከሃምሳ እርምጃ? እኔም እኮ ሸማኔ ነኝ፣ አንቺ። ያኔም ግራ ጆሮዬ ሞቶ ነበር።»

«ታዲያ ነክቷል ያልሽው ምን አይተሽ ነው?»

እጆቿን ጉልበቷ ላይ አነባበረች።

«አባትሽ ጠየቀኝ። አላውቅም ልለው ነበር፤ እውነቱም እሱ ነው፣ ምንም አላየሁም። አላውቅም ብለው ኖሮ ልጁ ይቀጥል ነበር። ከንፈሬን ልከፍት ስል ኬኔት ዞሮ አየኝ። ‹እማዬ፣ እንዳትነግሪው› አለኝ።»

ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ራሱ ነው የነገረኝ። ከነገረኝ በኋላ አላውቅም ልበል? አባትሽ እኔን አምኖ ነው እዚያ የቆመው። ልጄም አባቱ አይሰማም ብሎ ነው የቆመው። ከሁለቱ የትኛውን ላሳፍር?»

«ለኬኔት ለምን አልነገርሽውም?»

«ለሱ? እናቱን መጥላት ይሻለዋል ብዬ ነው። ራሱን ከሚጠላ።»

ይህ ነገር እኔን ደስ አላሰኘኝም። አርባ ሁለት ዓመት አንዲት ሴት ለብቻዋ ተሸክማዋለች፤ ተሸካሚዋም ደግ ናት እንጂ ትክክል አልነበረችም። እናቴን እወዳታለሁ፤ ግን ዳኛ ነኝ። እሑድ ስልኩ ሲጮኽ ስለ አውስትራሊያ ወርዋሪዎች ከመጀመሩ በፊት ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኩት። አላሳጠርኩም፣ አላለሰለስኩም።

ከበስተኋላው የሚስቱን የቴሌቪዥን ድምፅ እሰማለሁ።

«አላወቀችም ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«አላወቀችም።»

«ዝም ብዬ ብቆም ኖሮ...»

«ዝም ብለህ ብትቆም ሃምሳህን ትመታ ነበር።»

«ስልኩን ስጫት» አለኝ።

«በስልክ አትሰማም፣ ኬኔት።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለ። «እንግዲያው ፊቷን ማየት አለብኝ።»

በሰኔ መጣ። ለቴስቱ ነው የመጣሁት፣ ትኬት ይዣለሁ እያለ ከጣቢያው እስከ ቤት ድረስ ለፈለፈ። ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሻንጣውን ያዝኩለት። እናቴ በሩቁ ግድግዳ በኩል ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። በሩን ከፍቶ ደፉ ላይ ቆመና ወደ ውስጥ መግባት አቃተው። እኔ ከኋላው ነኝ፤ የሱን ፊት አላይም፣ የእናቴን ግን አየዋለሁ።

ምን እንዳለ ያወቅኩት ከሳምንት በኋላ ራሱ ሲነግረኝ ነው። ድምፅ ሳያወጣ፣ ከበሩ ላይ እንደቆመ፣ «እማዬ፣ ኳሷን ነክቻት ነበር» አላት።

እናቴ ከንፈሯን እንደ ፋብሪካው ዘመን አስፍታ፣ ቃሉን አንድ በአንድ ቆርጣ መለሰችለት፤ ይህንን እኔም አነበብኩት።

«አውቃለሁ። ግባና በሩን ዝጋው፣ ብርድ እያስገባህ ነው።»